ቃል የሌለው ሽለላ፤ «ሞዓ አንበሳ» ስለ ተባለው የሙዚቃ አልበም የቀረበ ሒስ

ስለ አገራችን ዘፈን እስከ ዛሬ ከተጻፈው ውስጥ ብዙው የሚናገረው ስለ ሠርግ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልቅሶና ስለ ፍቅር ዘፈን ነው። ስለ ግድያ የሚነገረው ዘፈን ግን ከሁለት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ የአባቶች ጀግንነት ተብሎ ይመሰገናል፣ ወይም ያለፈ ዘመን ጭካኔ ተብሎ ይነቀፋል። በምስጋናውም ሆነ በነቀፋው ዘፈኑ ራሱ ሳይመረመር ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ አልበም ይዘን፣ የግድያ ዘፈን ከቃሉ ተለይቶ በመሣሪያ ሲነገር ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ ለመመልከት እንሞክራለን። አልበሙ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ጋር ሆኖ በ2006 ያወጣው «ሞዓ አንበሳ» ነው። ለማነጻጸሪያ የምንወስደው የጎንደርን አገር የፉከራ ልማድ፣ በተለይም የወረታንና የፎገራን ሜዳ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

በመጀመሪያ ስለ ተጫዋቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ተማረ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ የነፋስ መሣሪያ መጫወት ጀመረ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ስሙን ያስጠራው ግን የገባባቸው የሥራ ቦታዎች ብዛት አይደለም፤ በሰው ጉሮሮ ይነገር የነበረውን ሽለላ በሳክስፎን መናገሩ ነው። በመድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ፣ እንደ ጥንት አርበኛ ለብሶ ይታይ ነበር። በ1972 በስሙ የወጣው ሸክላ ከብዙ ዘመን በኋላ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ዐሥራ አራተኛ ክፍል ሆኖ ለውጭው ዓለም ቀረበ። በ1979 የተመሠረተው ዘ ኤክስ የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓሉን በ2004 በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ፤ ከዚህም ግንኙነት «ሞዓ አንበሳ» ተወለደ። ሁለተኛው የጋራ ሥራቸው በ2012 ወጣ። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ።

አሁን ወደ ዘፈኑ ዐይነት እንመለስ። ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ የሚባሉት ሦስት ቃላት በዕለት ንግግር ይደባለቃሉ፤ አጠቃቀማቸውም ከአገር አገር ይለያያል። ለዚህ ጽሑፍ እንዲመች ግን እንዲህ ብለን እንለያቸዋለን። ቀረርቶ ድምፅን አርዝሞ፣ በምት ሳይታሰሩ ብቻን የሚያዜሙት ነው። ፉከራ ዜማ የለውም፤ መሣሪያ በእጅ ይዘው ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደዱ በፍጥነት የሚናገሩት ነው። ሽለላ አውጪና ተቀባይ ያለው፣ በምት የሚሄድ፣ ሕዝቡ በአንድነት የሚገባበት ነው። ሦስቱም በአንድ ድግስ ላይ ተከታትለው ሊሰሙ ይችላሉ። የውጭ አገር ሰዎች ሦስቱንም ጠቅልለው «የጦርነት ጩኸት» ይሏቸዋል። ይህ ስያሜ ትክክል አይደለም። ጩኸት ስሜትን ያወጣል እንጂ ነገር አያስረዳም፤ ፉከራ ግን ነገር ያስረዳል። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የፈረስ ስም ቢኖረው ያን፣ በየትኛው ቦታ ከማን ጋር እንደ ተገናኘ፣ ምን እንዳደረገ፣ ወደ ፊትም ማን ሊጠነቀቅ እንደሚገባ በተራ ይናገራል። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ተብለው መጠራታቸው የዚህ ልማድ ምስክር ነው።

ይህ ነገርን ዘርዝሮ የማስረዳት ጠባይ አዲስ አይደለም። እስከ ዛሬ ከተገኙት የአማርኛ ጽሑፎች ቀደምት የሆኑት ከዐሥራ አራተኛው እስከ ዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት ለነበሩ ነገሥታት የተዘፈኑ የምስጋና ግጥሞች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ለአፄ ይስሐቅ የተዘፈነው የገበሩትን አገሮችና ግብራቸውን በስም ይቈጥራል። እንግዲህ የአማርኛ የጦር ዘፈን ከጥንት ጀምሮ ከመዝገብ ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ይቻላል። ያለ ስም የሚፎክር ሰው ጀግና አይባልም፤ ቀባጣሪ ይባላል።

የቃላቱ ጠባይ ደግሞ ከዚህ በላይ ያስረዳናል። የፉካሪው መነሻ ቃል «ዘራፍ» ነው፤ ሥሩ «ዘረፈ» ነው። ይህ ግሥ በአንድ በኩል የሰው ንብረት በጉልበት መውሰድን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በቅኔ ቤት ቅኔን በቃል ማሰማትን ያመለክታል። ወንጀልና ግጥም በአንድ ሥር ላይ በቅለዋል ማለት ነው። «ገዳይ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በዘፈን ሴት ወዳጅዋን «ገዳዬ» ብላ ስትጠራው የፍቅር ስም ነው፤ «አንበሳ ገዳይ»፣ «ዝሆን ገዳይ» ሲባል የማዕርግ ስም ነው፤ በፍርድ ቤት «ነፍሰ ገዳይ» ሲባል ግን የወንጀል ስም ነው። በምስጋናና በክስ መካከል ያለው ልዩነት በግሡ ውስጥ የለም፤ ከግሡ በፊት በሚቆመው ቃል ውስጥ ነው። ማን ተገደለ? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንበሳ፣ ጠላት ወይም ነፍስ ይሆናል፤ በመልሱም ሰውዬው ወይ ይሸለማል ወይም ይከሰሳል። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በአንድ ሚዛን አይመዝኑትም፤ አሳቡንና ሁኔታውን እየመረመሩ ከባድና ቀላል ያደርጉታል። ፉከራም በራሱ መንገድ ያንኑ ምርመራ ያደርጋል።

ይህ ነገር በፎገራ ሜዳ ላይ ምን መልክ እንዳለው እንመልከት። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚፈስሱበት ይህ ሰፊ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በከብቱ የታወቀና በኋላ ዘመን የሩዝ አገር የሆነ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፣ በካሴትም ሆነ በኋላ በመጡት መሣሪያዎች የተቀዳ ዘፈን ከየአቅጣጫው ይደርስባታል፤ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ በሠርግና በጥምቀት በአፍ የሚነገረው ፉከራ አለ። ስለዚህ ከመሣሪያ የሚሰማውና ከሰው አፍ የሚወጣው ሽለላ ጎን ለጎን የሚገኙበት ስፍራ ነው።

በሠርግ ድግስ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲጫወት እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሞቅ ሲል አንዱ ይነሣና ይፎክራል። በዚህ ጊዜ ተሰብሳቢው ተመልካች ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ያበረታታዋል፤ ሌላው እጁን ይዞ ያረጋጋዋል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በድግሱ ላይ የሟች ዘመድ ሊኖር ይችላል። ደም የተፈሰሰበትና በሽማግሌ የታረቀ ጠብ ካለ፣ የሟችን ስም በፉከራ ማንሣት የደረቀውን ደም እንደገና ማርጠብ ነው። በአገሩ ልማድ ዕርቁ «ደም ማድረቅ» መባሉን ልብ ይሏል። ስለዚህ ብልህ ፉካሪ ማን እንደ ተቀመጠ ሳያይ አይነሣም፤ የሩቁን ጠላት ይጠራል እንጂ የቅርቡን አይጠራም፤ ወይም በሰው ፈንታ አውሬ ያነሣል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከግጥሙ ውጭ ያለ ነገር አይደለም፤ የግጥሙ አንዱ ክፍል ነው። አንዲት የተሳሳተች ቃል የሰው ሕይወት ልታስከፍል በምትችልበት ቦታ፣ ቃል መምረጥ የጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ይሆናል።

የዚያ አገር ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በሽፍትነት ጀምሮ፣ የደብረ ታቦሩን ጌታ ራስ ዓሊን በ1853 በአይሻል አሸንፎ፣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በአባይ ማዶ በጎጃም ደግሞ በላይ ዘለቀ ከፋሺስት ወረራ በፊት በሽፍትነት ኖሮ፣ በወረራው ዘመን የታወቀ አርበኛ ሆኖ፣ ከነጻነት በኋላ በ1945 በመንግሥት ፍርድ ተሰቀለ። ለሁለቱም ተዘፍኗል። አንድ ሰው በተለያየ ዘመን ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ንጉሥ ወይም ወንጀለኛ ሊባል ይችላል፤ ዘፈኑ የትኛውን ስም እንደ ሰጠው የምናውቀው ግን ከቃሉ ብቻ ነው። የዜማው ድምፅ በአራቱም ጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል።

በውጭው ዓለምም የሮክ ሙዚቃ ጸሐፊዎች በወንጀልና በግድያ ላይ ብዙ ሠርተዋል። ከእነርሱ ሁለቱን ብቻ ለንጽጽር እንውሰድ። «ክዊንስራይክ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1988 ያወጣው «ኦፐሬሽን ማይንድክራይም» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ የሚተርክ አልበም ነው። በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘ አንድ ወጣት በአንድ ስውር መሪ እጅ ወድቆ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን፣ ያደረገውንም በሕክምና ቤት ተኝቶ ሲያስታውስ እንሰማለን። እዚህ ላይ ገዳዩ፣ አዛዡና ምክንያቱ በቃል ተነግረዋል፤ አድማጩ ሊፈርድ ይችላል። ሁለተኛው «ጎብሊን» የተባለው የኢጣልያ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ በ1975 ለዳርዮ አርጄንቶ ፊልም የሠራው «ፕሮፎንዶ ሮሶ» ነው። የባንዱ ሙዚቃ በአብዛኛው ቃል የለውም። ይሁን እንጂ አድማጩ አይጠፋበትም፤ የጎደለውን ቃል የፊልሙ ሥዕል ይሞላዋል። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው የልጆች ዜማ የሚያስፈራው በዜማው ክፋት ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ ግድያ እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው።

እንግዲህ የግድያ ሙዚቃ ነገሩን የሚያስረዳባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። በ«ማይንድክራይም» ቃሉ በአልበሙ ውስጥ ነው፤ በ«ፕሮፎንዶ ሮሶ» በፊልሙ ውስጥ ነው፤ በፎገራ ሠርግ ላይ በፉካሪው አፍና በተሰብሳቢው ትዝታ ውስጥ ነው። «ሞዓ አንበሳ» ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከእነዚህ ከሦስቱ በየትኛው ይቆማል? የሚል ነው።

መልካሙን አስቀድመን እንናገር። የጌታቸው ሳክስፎን ቀረርቶን የሚከተለው ከላይ ከላይ አይደለም። ድምፁ ሰፊ መንቀጥቀጥ አለው፤ አንዱን ድምፅ አርዝሞ ይዞ በድንገት ወደ ታች ይጥለዋል፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ፉካሪ ትንፋሽ የሚወስድበት ነው። አማርኛ የሚያውቅ አድማጭ ቃል ሳይሰማ የግጥሙን ቤት መድፊያ ሊለይ ይችላል። በ1972ቱ ሸክላ ላይ አጃቢዎቹ በአብዛኛው ምቱን ጠብቀው ከበስተኋላ ይቆማሉ፤ ሳክስፎኑ ብቻውን ይናገራል። በ2006ቱ አልበም ግን ነገሩ ተለውጧል። የዘ ኤክስ ጊታሮች ሻካራና የሚቈራርጡ ናቸው፤ ከበሮው ይገፋል፤ የተጨመሩት ክላርኔት፣ ትሮምቦንና ሌላ ሳክስፎን ደግሞ ዋናው ተናጋሪ ዐረፍ ሲል ይመልሱለታል። ሆላንዳውያኑ ያደረጉት ነገር፣ አውቀውትም ይሁን ሳያውቁት፣ ለሽለላው ተቀባዩን መመለስ ነው። በቲያትር መድረክ ላይ ከወጣ ጀምሮ ብቸኛ ሆኖ የነበረው አውጪ እንደገና የሚቀበለው ጓድ አገኘ። ጓዱም የሚያባብል አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ያበረታታዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ይጋፋዋል። ይህ በድግስ ላይ ካለው ነገር ጋር እጅግ ይቀራረባል። ከምዕራባውያን ጋር በተደረጉት ብዙ ጥምረቶች የአገራችን ዜማ ለስልሶና ተስተካክሎ ሲቀርብ አይተናል፤ በዚህ አልበም ግን አልለሰለሰም። በእኛ አስተያየት የአልበሙ ከፍተኛው ዋጋ ይህ ነው።

ጉድለቱ ደግሞ ከዚሁ ዋጋ ጎን ይገኛል። ተቀባዩ ተመልሷል፤ ምስክሩ ግን አልተመለሰም። ባንዱ ለፉካሪው ይመልስለታል እንጂ «የማንን?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። የሟች ዘመድ በአዳራሹ ውስጥ ስለሌለ፣ ተናጋሪው የሚጠነቀቅለት ሰው የለም። በጥቂት ክፍሎች ላይ የሰው ድምፅ ቢጨመርም፣ ሽለላውን የሚመራው ሳክስፎኑ ነው። ከዚህም የተነሣ በአምስተርዳም የሚሰማው አድማጭ የግድያውን ኀይል ይቀበላል፤ ነገሩን ግን አይቀበልም። ኀይሉንም ነጻነት ብሎ ይተረጕመዋል፤ ከአሜሪካ ነጻ ጃዝ ጋር የሚያመሳስሉትም የሚነሡት ከዚህ ነው። በፎገራ ግን ፉካሪ በዚህ ትርጕም ነጻ ሰው አይደለም፤ በስም፣ በዘርና በምስክር የታሰረ ሰው ነው። ጥበቡም የሚለካው በእስራቱ ውስጥ በሚያሳየው ብልኀት ነው።

የአልበሙ ስም ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚሞክር ይመስላል። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የነገሥታት መፈክር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የፉካሪው ስም በሚቆምበት ቦታ የመንግሥት ስም ቆሟል። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። የጌታቸውን የሥራ ታሪክ ስንመለከት ሽለላው ከማዘጋጃ ቤት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቲያትር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሲዘዋወር እናያለን። ሽፍታን የሚያሳድደው መሥሪያ ቤት የሽፍታን ዘፈን በደመወዝ አስጫወተ ማለት ነው። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ትርጕም አለው። መንግሥት ገዳይነትን ለራሱ ሥልጣን ብቻ ሲያደርግ፣ የገዳዩን ዘፈን አልከለከለም፤ ቃሉን አስቀርቶ ድምፁን ወሰደ። ስም የሌለው ሽለላ ማንንም አይከስም፣ ማንንም አያስቀይምም፤ ስለዚህ በማንኛውም በዓል ላይ ሊነፋ ይችላል። ሳክስፎኑ ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ሆነ።

አንድ ተቃዋሚ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ቃሉ ደም የሚያነሣሣ ከሆነ፣ ቃሉ ቀርቶ ዜማው ብቻ ቢቀር አይሻልምን? ሙዚቃው ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለምን?» ይህ አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በድግስ ላይ በአንድ ስም ምክንያት ሰው ከሚሞት፣ ስም የሌለው ሽለላ ቢሰማ እንደሚሻል እኛም እናምናለን። ነገር ግን ቃል የሌለው ሽለላ ንጹሕ አይደለም፤ ባዶ ነው። ባዶ ዕቃ ደግሞ ማንም የወደደውን ይሞላበታል። በሰው አፍ የሚነገረው ፉከራ ጠላቱን ስለሚጠራ፣ ጠላት ያልሆነውን በዝምታ ይተወዋል፤ ወሰን አለው። ቃል የሌለው ግን ወሰን የለውም፤ በአንዱ ዘመን ወራሪን፣ በሌላው ዘመን ጎረቤትን ለማስጠላት ሊውል ይችላል። ሽማግሌው «ይህን ቃል ተው» ብሎ ሊገሥጽ የሚችለው ቃል ሲኖር ነው፤ ድምፅን ግን በምን ይገሥጸዋል?

ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ያደረጉ ነገሮች በዘመናችን ደርሰዋል። በ2020 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት፣ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ሲነሣ፣ የሽለላ ድምፅ ከድግስ አዳራሽ ወጥቶ እንደገና ከእውነተኛ መሣሪያ አጠገብ ቆሟል። በስልክ የሚተላለፍ ሽለላ ተናጋሪው አጠገብ የሚይዘው ሰው የለም፤ የሚሰማውም ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ጌታቸው በመድረክ ላይ በንጹሕ ጥበብ ያደረገውን ቃልን ከቦታው የመለየት ሥራ፣ ቴክኒክ ዛሬ ያለ ጥበብ በየቀኑ ያደርገዋል። ስለዚህ «ሞዓ አንበሳ»ን መመርመር አንድን ታላቅ ተጫዋች መውቀስ አይደለም፤ በእርሱ ሥራ ላይ በግልጽ የሚታየውን ነገር አውቆ፣ በሌላው ቦታ ተሸፍኖ ሲመጣ ለመለየት መዘጋጀት ነው።

ከዚህ በላይ ከተነገረው ለጥናታችን የሚጠቅም አንድ ፍሬ ነገር ይወጣል። ተማሪዎቻችን ወደ ፎገራ፣ ወደ ደራና ወደ ሊቦ ወርደው ሽለላና ፉከራ ሲቀዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙን ብቻ ይጽፋሉ፣ ወይም ዜማውን ብቻ በመቅጃ ይይዛሉ። ይህ አይበቃም። ግጥሙ የተነገረበት ድግስ የምን እንደ ነበረ፣ ከአድማጮቹ መካከል በደም የሚፈላለጉ ወገኖች ይኖሩ እንደ ሆነ፣ ተናጋሪው የትኛውን ነገር ዘልሎ እንዳለፈ፣ ማን እጁን እንደ ያዘውና በየትኛው ቃል ላይ እንደ ያዘው አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። እርግጥ የሟችና የገዳይ ስም በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት፤ በታተመ መጽሔት ላይ ስም ማውጣት በድግስ ላይ ከማውጣት ያልተናነሰ ጉዳት ያመጣልና። ስሙን ሸፍኖ ቦታውን ማሳየት ግን ይቻላል። ፉካሪዎቹ ራሳቸው በሰው ፈንታ አውሬ እያነሡ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል።

«ሞዓ አንበሳ» ከአገራችን ወጥተው በውጭ ከተሠሩት የሙዚቃ ሥራዎች መካከል ከፍ ካሉት የሚቈጠር ነው። የሽለላን ጉልበት ሳይቀንስ፣ የአውጪንና የተቀባይን ሥርዐት ሳያፈርስ ለሌላ ሕዝብ አድርሷል። ይሁን እንጂ በውስጡ የምንሰማው ገዳይ ሟች የሌለው ገዳይ ነው። የአልበሙን ድምፅ ጠንቅቆ የሚያዳምጥ ሁሉ የጎደለውን ስም መጠየቅ አለበት፤ የወረታ ሽማግሌዎች በድግስ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁትም ያንኑ ስም ነው።